ለምጽ ለወጣብሽ ልጄ፦ ቆዳን በቤት ስለማጥየም

ልጄ፣ ያለ ፀሐይ ቆዳ የሚያጠይመውን ክሬም፣ ሰልፍ ታነር የሚሉትን፣ ሐበሻ ሴት በሱቅ መደርደሪያ ላይ ብታየው አልፋው ትሄዳለች። የነጮች የበጋ ነገር ይመስላታል። እኔ ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ ለምጽ አብሮኝ የኖረ ሴት ነኝ። ጣቶቼ፣ ክርኖቼና የአፌ ዳር ነጭ ናቸው፤ እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ ይህ ክሬም ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። ነጩን ከጠይሙ ጋር ለማቀራረብ ከሞከርኳቸው ነገሮች ሁሉ ዋጋው የማይጎዳውና ነጠላ ላይ የማይለቀው እሱ ነው።

አንቺም እጅሽን በነጠላሽ ጠርዝ ሥር ስትደብቂ፣ ማዕድ ሲቀርብ «በልቻለሁ» ስትዪ አይቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በተራ ቁጥር ልጻፍልሽ። መቀባት ግዴታሽ አይደለም። ከተቀባሽ ግን እኩል እንዲወጣልሽ፣ ቆዳሽም እንዳይጎዳብሽ እፈልጋለሁ።

1. ክሬሙን ከመግዛትሽ በፊት ነጩን ቦታ የቆዳ ሐኪም ይየው። ነጭ የሆነ ሁሉ ለምጽ አይደለም። ቋቁቻም ቆዳ ያነጣል፤ እሱ ግን ፈንገስ ስለሆነ በመድኃኒት ይለቃል። ከሥጋ ደዌ የሚመጣ ነጣ ያለ ቦታ ደግሞ ስሜቱ የደነዘዘ ይሆናል፤ በጊዜ ከተያዘ የሚድን በሽታ ነውና በቀለም ሸፍኖ መቀመጥ ትልቅ ጉዳት ነው። ለምጽ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛትም አይተላለፍም።

ሐኪሙ የታይሮይድ ምርመራ ቢያዝልሽ እንቢ አትበዪ፤ ለምጽ ያለባቸው ሰዎች ላይ የታይሮይድ ሕመም ከሌላው ሰው ይበልጥ ይታያል። ስለ ሕክምናውም ጠይቂ። የሚቀባ መድኃኒት አለ፣ የብርሃን ሕክምና አለ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ሩክሶሊቲኒብ የተባለው ክሬም ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ የለምጽ ታካሚዎች ተፈቅዷል። ፊት ላይ ያለው ለሕክምና እሺ ይላል፤ ጣትና እግር ላይ ያለው ግትር ነው። የብርሃን ሕክምና ከጀመርሽ ቀለም እንደምትቀቢ ለሐኪሙ ንገሪው፤ መቼ መቀባት እንዳለብሽ እሱ ይወስን።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶችሽ ቢጠይቁሽ፣ አዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አጠገብ ደግሞ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። የሁለቱም ስም ከሥጋ ደዌ ጋር አብሮ ስለሚነሣ «እዚያ ስገባ ሰው ቢያየኝስ?» ብለው የሚቀሩ አሉ። ሳትፈሩ ግቡ በያቸው።

2. ክሬሙ ምን እንደሚሠራ እወቂ። ዋናው ነገር ዳይሃይድሮክሲአሴቶን፣ ባጭሩ ዲኤችኤ፣ የሚባል የስኳር ዓይነት ነው። ይህ ስኳር በቆዳ ላይኛው ሽፋን ላይ ካሉት፣ ሞተው ሊረግፉ ከተዘጋጁት ሴሎች ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ቡናማ ቀለም ይፈጥራል። የቆዳሽን ቀለም ሠሪ ሴሎች አይነካም፣ አያስፈልጉትምም። ለእኛ የሚጠቅመን በዚህ ነው። በለምጽ የጠፋው ከሥር ያለው ቀለም ሠሪ ሴል ነው፤ የላይኛው የሞተ ሽፋን ግን እንደማንም ሰው ደህና ነው። ስለዚህ ነጩም ቆዳ ቀለሙን ይቀበላል።

ነገሩ የታወቀው ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኤቫ ዊትገንስታይን የምትባል ተመራማሪ፣ ኦሃዮ ውስጥ በሲንሲናቲ፣ ሰውነታቸው ያከማቸውን ስኳር በወጉ መጠቀም የማይችሉ ሕፃናትን ዲኤችኤ እያጠጣች ታጠና ነበር። ከአፋቸው የፈሰሰው ያረፈበት ቆዳ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቡናማ ሆነ። እሷም በራሷ ቆዳ ላይ ቀብታ አረጋገጠችው። እ.ኤ.አ. በ1960 ክሬሙ ገበያ ላይ ነበር።

ከክሬሙ አሠራር ሁለት ነገር ያዢ። የቀለመው ሊረግፍ የተዘጋጀ ቆዳ ስለሆነ ቀለሙም አብሮት ይረግፋል፤ ከሦስት ቀን እስከ ዐሥር ቀን ቢቆይ ነው። ሁለተኛው፣ ለምጹን አያክምም። ሥር ያለው እንዳለ ነው።

3. እንሶስላ ተቀብተሽ ታውቂያለሽ። ተረከዝና መዳፍ ላይ እንዴት ደምቆ እንደሚይዝ፣ ክንድ ላይ ግን እንዴት ቶሎ እንደሚፈዝ አይተሻል። ዲኤችኤም እንዲሁ ነው፤ ቆዳ በወፈረበትና በደረቀበት ይጠቁራል፣ በሳሳበት ይደበዝዛል። ዥጉርጉር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሌሎች ሴቶች ክርን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና የጣት አንጓ ላይ ሲደርሱ ክሬሙን ይቀንሳሉ፣ ወይም ቫዝሊን ቀብተው ያልፉታል። የእኛ ለምጽ ግን የሚወደው እነዚህኑ ቦታዎች ነው፤ ክርን፣ ጉልበት፣ የእጅና የእግር ጣት፣ የዓይንና የአፍ ዙሪያ። እነሱ የሚሸሹት እኛ የምንሠራበት ቦታ ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መመሪያ ለአንቺ አይበቃሽም። እዚህ ቆዳ ላይ እኩል ቀለም የሚገኘው በብዙ ክሬም ሳይሆን በጥቂቱ፣ ደጋግሞ፣ በዙር በመቀባት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

4. ስትገዢ ሽቶ የሌለውን ምረጪ። ቀለል ያሉት 3 በመቶ ገደማ፣ ጠንከር ያሉት ከ5 በመቶ በላይ ዲኤችኤ ይይዛሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ደንግጓል። ብዙ ጊዜ መጠኑ በቁጥር አይጻፍም፤ «ላይት»፣ «ሚዲየም»፣ «ዳርክ» ብለው ያልፉታል። ጠይም ስለሆንሽ ብቻ ወደ «ዳርክ» አትሩጪ። በአንድ ጊዜ የሚያጠቁረው ስሕተትንም በአንድ ጊዜ ያጠቁራል። ከመካከለኛው ጀምሪ። መሠረቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ካገኘሽ ለእኛ ቆዳ ይሻላል፤ ብርቱካናማነቱን ይሰብረዋል። ኤሪትሩሎስ የሚባል ሌላ ስኳር የተቀላቀለበትም አለ፤ ቀለሙ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሲለቅም በዝግታ ይለቃል።

አንዳንዱ ሲቀባ ወዲያው ቡናማ የሚሆን ጊዜያዊ ቀለም አለው። የቀባሽበትንና ያልቀባሽበትን ለመለየት ይረዳል። ግን በማግሥቱ በውሃ የሚሄድ ስለሆነ በእሱ አትፍረጂ።

የሚረጨውን ተዪው። ነጩን ለይቶ ጠይሙን መተው በርጭት አይቻልም፤ ትንፋሽም ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዲኤችኤን የፈቀደው ቆዳ ላይ ለመቀባት ብቻ ነው፤ ከንፈር፣ የዓይን ዙሪያና የአፍንጫ ውስጥ በፈቃዱ ውስጥ የሉም።

5. ሁለት ሙከራ አድርጊ። የመጀመሪያው ለቆዳሽ ደህንነት ነው፤ በክንድሽ መታጠፊያ በውስጥ በኩል ትንሽ ቀቢና አንድ ሙሉ ቀን ጠብቂ። ካሳከከሽ ወይም ከቀላ፣ ያ ክሬም ያንቺ አይደለም፤ ቁጣው ራሱ አዲስ ነጭ ሊያወጣብሽ ይችላል። ሁለተኛው ሙከራ ለቀለሙ ነው። ሰው የማያየው ነጭ ቦታ ካለሽ፣ ጭንሽ ወይም ክርንሽ ላይ፣ አንድ ዙር ቀቢ፤ በማግሥቱ በተመሳሳይ ሰዓት በመስኮት ብርሃን እዪው፤ ሌላ ዙር ጨምሪ፤ እንደገና እዪው። ስንት ዙር ወደ ቆዳሽ ቀለም እንደሚያደርስሽ ጻፊው። የመታጠቢያ ቤት አምፑል ስለሚያታልል በእሱ ብርሃን አትወስኚ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ቀላ ያለ ጠይም ከሆንሽ ሁለት ሦስት ዙር በጣም ሊያቀርብሽ ይችላል። ጥቁር ጠይም ከሆንሽ ግን ዲኤችኤ ብቻውን ሙሉ በሙሉ አያደርስሽም፤ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ እየጨመርሽ ብትሄጂ ወደ ብርቱካን ያጋድላል። ያኔ አቁሚ። ነጭነቱ ከተሰበረ፣ ፊት ለፊትሽ ቆሞ የሚያወራሽ ሰው ዓይን እዚያ ቦታ ላይ አይተከልም። ልዩ ቀን ሲሆን በላዩ ኮንሲለር የሚባለውን መሸፈኛ ሜክአፕ ቀጭን አድርገሽ ትደርቢበታለሽ፤ ከሥሩ ቀለም ስላለው ትንሽ ይበቃዋል፣ ቢለቅም ነጩ በድንገት ብቅ አይልም።

6. አትፈትጊ። ጠርሙሱ ላይ «ከመቀባትዎ በፊት ቆዳዎን ይፈግፍጉ» የሚል ታገኛለሽ። የሞተ ቆዳ ስለሚያነሣ ለሌላው ሰው ጥሩ ምክር ነው። ለምጽ ያለበት ቆዳ ግን ሲቆስል፣ ሲፋቅ፣ በተደጋጋሚ ሲታሽ፣ በዚያው በተጎዳበት ቦታ አዲስ ነጭ ሊወጣበት ይችላል። ሐኪሞች ይህን የኮብነር ክስተት ይሉታል፤ ስያሜው ከጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም የመጣ ነው። እኩል ቀለም ፍለጋ ብለሽ ክርንሽን በሻካራ ነገር ስትፈትጊ፣ ያልነበረ ለምጽ በገዛ እጅሽ ትጨምሪያለሽ።

ስለዚህ የእግር ድንጋይ፣ ሻካራ የገላ ጓንት፣ ጨውና ስኳር ቀላቅሎ ማሸት፣ በሰም ፀጉር መንቀል ለእኛ አይሆኑም። በነሱ ፈንታ ከመቀባትሽ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ጠዋትና ማታ ቆዳሽን በቅባት አለስልሺው፤ ክርንና የጣት አንጓ ላይ አብዢ። የደረቀው ሲርስ የሚረግፈው በራሱ ይረግፋል። በቀለም መቀቢያው ዕለት ደግሞ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ፣ ሕፃን እንደምታጥቢ አድርገሽ ታጠቢ። ለምጽ ያለበት ወንድምም ይህን ካነበበ፣ ጢሙን በመቀቢያው ዋዜማ በእርጋታ ይላጭ፤ የምላጭ ቁስል ለእሱም እንደዚያው ነው። ጠባብ ጫማና የሚያጣብቅ የሰዓት ማሰሪያም በየቀኑ በመታሸት ይጎዳሉ።

7. ማታ ተቀቢ። ሽቶ፣ ዲዮድራንት፣ ቅባት፣ የሳሙና ቅሪት ሁሉ በክሬሙና በቆዳሽ መካከል ይገባልና ታጥበሽ አስለቅቂው። ከዚያ ደርቀሽ፣ ላብሽ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቂ። እርጥብ ቆዳ ላይ ክሬሙ ይሮጣል።

ከመቀባትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ፦ ነጩን ቦታ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን። ሕክምና ላይ ከሆንሽ ቀለምሽ ሲመለስ ብዙ ጊዜ በፀጉር ሥር ዙሪያ እንደ ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምራል። ክሬሙ ያንን ይሸፍነዋል። ሐኪምሽም አንቺም መሻሻሉን እንዳታጡት ፎቶው ይያዝልሽ።

8. አሁን ወደ አቀባቡ። ሙሉ ገላቸውን የሚቀቡት ሰፊ ጓንት አጥልቀው በክብ በክብ ያዳርሱታል። አንቺ ግን ነጩን ብቻ ነው የምትቀቢው፤ ስለዚህ መሣሪያሽ ትንሽ ይሁን። ለሰፊ ቦታ የሜክአፕ ስፖንጅ፣ ለጠባቡ ቀጭን ብሩሽ፣ ለጠርዙ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ። ጣትሽን በቀጭን የላስቲክ ጓንት ሸፍኚ፤ ካልሆነ መዳፍሽ ብርቱካናማ ይሆናል።

ከመካከል ጀምሪና ወደ ጠርዝ ውጪ። ጠርዙ ላይ ከመድረስሽ በፊት ቁሚ፤ የእርሳስ ጫፍ የምታህል ወሰን ተዪለት። እርጥብ ክሬም በራሱ ትንሽ ይሰፋል፣ ያቺን ክፍተት ራሱ ይሞላታል። ደህናው ቆዳም ከነካው እንደሚጠቁር አትርሺ። ጠርዙ ሲጠቁር ነጩን በእርሳስ የከበብሽው ይመስላል፤ ከሩቅ የሚያስታውቀውም ያ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ የለምጹ ዳር ከመጀመሪያውም ጠቆር ያለ ነው፤ እዚያ ላይ ሌላ ቀለም መጨመር አይፈልግም። አምልጦሽ ደህናው ቆዳ ላይ ከፈሰሰ፣ ጥጥ በትንሹ አርሰሽ፣ ጨምቀሽ፣ ወዲያውኑ ከውጭ ወደ ውስጥ ጥረጊው። ሩብ ሰዓት ካለፈ ቀለሙ መያዝ ጀምሯል።

ክሬሙ ቆዳው ላይ ተንሳፍፎ የሚታይ ከሆነ በዝቷል። ስትቀቢው ቆዳው እርጥብ መስሎ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንም ያልቀባሽ እስኪመስል መጥፋት አለበት። አንድ ዙር ይኸው ነው። ሁለተኛውን ዙር በማግሥቱ ማታ ቀቢ። በዚያው ሌሊት አትደራርቢ፤ ቀለሙ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ መታየት ቢጀምርም እስከ 24 ሰዓት ድረስ እየጠለቀ ስለሚሄድ፣ የት እንደሚቆም ሳታዪ መጨመር የለብሽም። ከደህናው ቆዳሽ አንድ ደረጃ ቀለል ሲል አቁሚ። ትንሽ የቀለለ ዓይን ያልፈዋል፤ የጠቆረ ግን እድፍ ይመስላል።

9. እጅ ለብቻው ምክር ይፈልጋል፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነውና። እጅ በቀን ብዙ ጊዜ ይታጠባል፣ ቀለሙም ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይሄዳል። ጣት ላይ ያለው ለምጽ ለሕክምናም አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በቀለም የሚታገዘው እሱ ነው። የእኛ ኑሮ ደግሞ በእጅ ነው፤ በአንድ መሶብ ዙሪያ ሁሉም የሁሉንም እጅ ያያል። ጉርሻዬን እጄን አይቶ ያልተቀበለኝ ሰው ነበር። ያ ምን ያህል እንደሚያም ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ከእራት በኋላ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ የምሽቱ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ተቀቢ። በጥፍርሽ ሥርና ዙሪያ፣ በመዳፍሽ ጠርዝም ቫዝሊን ቀጭን አድርገሽ ቀቢ፤ ክሬሙ እዚያ እንዳይጠራቀም ያግደዋል። የእጅሽን ጀርባ ስትቀቢ ጣትሽን እጠፊ፣ ጡጫ አድርጊ፤ የአንጓው ሽብሽብ ሲገተር ቀለሙ በመሥመሩ ውስጥ አይሰበሰብም። ከዚያ ጣትሽን ዘርግተሽ ተመልከቺ፤ መሥመር ውስጥ የቀረ ካለ በደረቅ ጥጥ ተጫኚው። በጣቶች መካከል ያለውን በብሩሽ ጫፍ እምብዛም ሳትነኪ እለፊው። ሁለቱን እጅ በአንድ ሌሊት አትቀቢ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ፤ በጓንት የሚሠራ ነጻ እጅ ይኖርሻል፣ ለውሃም የሚደርስ እጅ አይጠፋም።

በማግሥቱ ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ። ቤት የምታጸጂበት በረኪና ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ቆዳሽንም ይበላል። በየሦስተኛው ቀን አንድ ቀጭን ዙር እጅን ያቆየዋል።

ቀለሙ ያልያዘልሽ ቀን ግን ማዕድ አትሽሺ። ታጥበሽ ቅረቢ። የማይበላ ካለ ሌላ ሳህን ይፈልግ።

10. ፊት ላይ ከሁሉም ቦታ አሳንሺ። በምትቀቢው የፊት ቅባት ውስጥ ከማጠየሚያው ክሬም አንድ ሁለት ጠብታ ቀላቅለሽ ብትጀምሪ ይበቃል። የዓይን ዙሪያና ከንፈር ላይ አትቀቢ፤ እዚያ ኮንሲለርና የከንፈር ቀለም ይሥሩ። የአፍ ዳር ነጭ ከሆነ ከከንፈርሽ ወሰን ጥቂት ራቂ፣ ቅንድብሽና የፀጉርሽ መነሻ ላይ ቫዝሊን አድርጊ። ፊት ቶሎ ስለሚታደስ ቀለሙ ቶሎ ይሄዳል፤ ያ ለአንቺ ጥሩ ነው፤ ቢበላሽም ቶሎ ይስተካከላል።

11. ከቀባሽ በኋላ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ውሃ አይንካው። ለዚህ ነው ማታ የምልሽ። አሮጌ፣ ሰፊ፣ ጠቆር ያለ ልብስ ልበሺ፤ አንሶላሽም ነጭ አይሁን። ክሬሙ እርጥብ እያለ ጨርቅ ያቆሽሻል። ጠዋት ሳትፈትጊ በውሃ ብቻ ተለቃልቀሽ፣ መታ መታ አድርገሽ አድርቂው። ከዚያ በኋላ ነጠላሽን፣ የሐበሻ ቀሚስሽን ያለ ሥጋት ልበሺ። ሜክአፕ የነጭ ጥጥ አንገትጌ ላይ ሲያትም የሚያሳቅቀውን መሳቀቅ ይህ አያመጣብሽም። በነዚያ ቀናት ቆዳሽን ቅባት አታስርቢው፤ የደረቀ ቆዳ ቶሎ ይረግፋል፣ ሲረግፍም በቁራጭ በቁራጭ ነው።

12. ቡናማ ስለሆነ ፀሐይ አይነካውም ብለሽ አታስቢ። ይህ ቀለም ከፀሐይ አይከላከልም ማለት ይቻላል። ነጩ ቦታ ዛሬም መከላከያ የሌለው ቆዳ ነው፤ ይቃጠላል። እንዲያውም በተቀባሽ ማግሥት ጠንካራ ፀሐይ ብታገኚ ቆዳሽ ካልተቀባው ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል፤ ያን ቀን ጥላ ፈልጊ፣ እጅጌ ልበሺ። ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ ይኑርሽ፤ ደህናውም ቆዳ ላይ ጭምር ቀቢው። ደህናው በፀሐይ ይበልጥ ሲጠቁር ነጩ ይበልጥ ይጮኻልና፣ ሁለቱን ለማቀራረብ ግማሹ ሥራ ይህ ነው። አዲስ አበባ ስትሄጂ ደግሞ ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ መሆኑን አስቢ። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማያቃጥል ይመስላል፤ ያቃጥላል።

13. ቢበላሽ ሎሚ አታንሺ። «በሎሚ እሺው፣ ይለቃል» የምትልሽ አትጠፋም። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ቆዳን ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፤ ለምጽ ላለበት ሰው ደግሞ ያ ቃጠሎ የአዲስ ነጭ መነሻ ሊሆን ይችላል። የወይራ ዘይት ወይም የሕፃናት ዘይት ቀቢ፣ ግማሽ ሰዓት ተዪው፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ በለስላሳ ጨርቅ አብሺው። ማታ ማታ ደጋግሚ። ቀሪውን ጥቂት ቀናት ይጨርሱታል፤ እስከዚያው ኮንሲለር ይሸፍንሽ።

14. ደህናውን ቆዳ ከነጩ ጋር ላመሳስል ብለሽ ማንጫ ክሬም አትንኪ። የይዘት መግለጫ ሳይኖራቸው በየሱቁ ከሚሸጡት መካከል ሜርኩሪና ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ስቴሮይዱ ቆዳ ያሳሳል። ቆዳ ያጠይማል የሚባል ክኒንም አትዋጪ፤ ካንታክሳንቲን የሚባለው በዓይን ውስጥ እንደሚከማች የታወቀ ነው። ጥቁር ሂና ብለው የሚሸጡትንም አትቀቢ። እውነተኛ ሂና ጥቁር አይደለም፤ የሚያጠቁረው ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው፤ እሱ ቆዳን ከማቁሰሉም በላይ ቀለም ሊያሳጣ ይችላል።

15. የማትቀቢባቸው ቀናት ይኑሩሽ። ይህን የምልሽ ሳትሸፍኚም መታየት እንድትለምጂ ነው። ዲትሮይት ውስጥ ሊ ቶማስ የሚባል የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አለ፤ ለምጹን ለዓመታት በሜክአፕ ሸፍኖ ዜና ሲያቀርብ ቆይቶ፣ በኋላ ሳይሸፍን በካሜራ ፊት ቀርቧል። እኔም ቤተሰብ መካከል፣ ከቅርብ ወዳጆቼ ጋር አልቀባም። የልጅ ልጆቼ እጄን በሁለቱም መልኩ ያውቁታል። ልጅ ለምጽ ቢወጣበት ደግሞ እናቱ ስለፈራች ብቻ አትቀባው። «ትፈልጋለህ?» ብላ ትጠይቀው፤ ካልፈለገ ትተወው።

16. የሠርግሽ ቀን ሲደርስ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ከወር በፊት ሙሉውን ሂደት አንድ ጊዜ ሞክሪው፤ ስንት ዙር፣ በስንተኛው ቀን እንደሚያምር ጻፊው። ጠርሙሱ ከተከፈተ የቆየ ከሆነ፣ ሽታው ወይም መልኩ ከተለወጠ፣ አዲስ ግዢ፤ ዲኤችኤ በቆይታና በሙቀት ይበላሻል። ሠርጉ እሑድ ከሆነ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ቆዳሽን በቅባት አለስልሺው። ረቡዕ ማታ ግራ እጅሽን፣ ሐሙስ ማታ ቀኝ እጅሽንና ክርኖችሽን፣ ዓርብ ማታ የጎደለ የሚመስለውን ብቻ ሙዪ። ቅዳሜ አትንኪው። ሂና የምትቀቢ ከሆነ ንጹሑን፣ አስቀድመሽ ሞክረሽ፣ ከክሬሙ በፊት ይሁን።

ለምታስውብሽ ልጅ አስቀድመሽ ንገሪያት፦ እጅሽን በአልኮል በራሰ ጨርቅ እንዳትጠርገው፣ በምንም ነገር እንዳትፈትገው፣ ኮንሲለሩን እየተጫነች እንጂ እየጎተተች እንዳትቀባው። ቀለበት ቆዳውን እያሸ ቀለም ስለሚያነሣ፣ ዓርብ ማታ ለቀለበት ጣትሽ አንድ ቀጭን ዙር ጨምሪለት፤ ቀለበቱንም ውሃ ከመንካትሽ በፊት እያወለቅሽ፣ ጣትሽን አድርቀሽ መልሰሽ አጥልቂው።